አፑ ስልካችሁ ላይ፣ መረጃችሁ ክላውድ ላይ፦ ደንቡን ማን ያስከብራል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ብዙ ነገር በስልክ መታዘዝ ጀምሯል። ታክሲ በስልክ ይጠራል። ምግብ በስልክ ይመጣል። ክፍያው በቴሌብር ያልቃል።

እንበልና ውሃ በቦቴ የሚያደርስ አንድ አፕ አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖር እናት አፑን ትከፍታለች። ስሟን፣ ስልኳን፣ ብሎክና ቤት ቁጥሯን ትሞላለች። ቤት የምትገኝበትን ሰዓትም ትጽፋለች። ሹፌሩ በበኩሉ ሲመዘገብ የመንጃ ፈቃዱንና የፋይዳ መታወቂያውን ፎቶ ይልካል። ይህ ሁሉ ስልክ ላይ አይቀርም፤ ክላውድ ወደሚባለው ቦታ ይሄዳል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይወራል። የሚሰማው ግን ወይ «ክላውድ አደገኛ ነው» ወይ «ክላውድ ላይ ያለ ነገር አይነካም» የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መረጃው የሚጠበቀው ወይም የሚፈሰው በማስተካከያዎቹ፣ ማለትም በሴቲንግ ነው። እነዚያን ማስተካከያዎች ቀን ከሌት የሚፈትሽ የማሽን ሥርዓት ደግሞ አለ። አሠራሩን ከሥሩ እንየው።

ክላውድ የት ነው ያለው?

ጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ የዳታ ማዕከላት አሉ። ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ እዚያ ማዕከል አላቸው። ውስጣቸው በመደርደሪያ የተደረደሩ ሰርቨሮች፣ ማቀዝቀዣ፣ ባትሪና ጄኔሬተር ነው። ክላውድም የሚኖረው እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሌላ ድርጅት የሚያስተዳድረውን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ተከራይቶ፣ በተጠቀሙበት ልክ መክፈል ማለት ነው።

የትልልቆቹ አቅራቢዎች ዋና የአፍሪካ ማዕከላት ግን ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020 ኬፕታውን፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ከፍተዋል። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ የተሞላው ቤት ቁጥር ኬፕታውን ሊቀመጥ ይችላል። አየርላንድ ወይም ቨርጂኒያም ሊሆን ይችላል። ምርጫው ከዝርዝር ውስጥ አንድ ስም መንካት ብቻ ነው። አገልግሎቱን የከፈተው ልጅ ቸኩሎ ካለፈው፣ መረጃው ማንም ያላሰበበት አገር ያድራል።

ከአፑ ጀርባ ያሉት ነገሮች በጥቅሉ «ሪሶርስ» ይባላሉ፤ እኛ ሀብት እንበላቸው። ትዕዛዞቹ የተመዘገቡበት ዳታቤዝ አንዱ ነው። ፎቶና ሰነድ የሚቀመጥበት፣ ዴቨሎፐሮች «ባኬት» የሚሉት ማከማቻ ሌላው ነው። ተጠቃሚው ማን መሆኑን የሚያረጋግጠው የመግቢያ አገልግሎት፣ አፑና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ኤፒአይ፣ ማሳወቂያ የሚልከው ክፍል፣ እነዚህን ሁሉ የሚከፍቱት የይለፍ ቁልፎችም አሉ። አንድ ትንሽ አፕ ብቻውን በደርዘን የሚቆጠር ሀብት ይኖረዋል። እያንዳንዱ ሀብት ደግሞ የራሱ ብዙ ማስተካከያ አለው።

አቅራቢው አይጠብቀውም እንዴ?

ግማሹን ይጠብቃል። አቅራቢዎቹ ራሳቸው «የጋራ ኃላፊነት» ይሉታል። ሕንፃውን፣ ማሽኑን፣ ኤሌክትሪኩንና ዋናውን ኔትወርክ እነሱ ይይዛሉ። ባኬቱ ለማን ክፍት ነው፣ ዳታቤዙን ማን ያነባል፣ መረጃው ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተመስጥሯል ወይ፣ የይለፍ ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚለው ግን የአፑ ባለቤት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አማዞን ላይ ነው ያለው» ወይም «ጉግል ነው የያዘው» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

የካፒታል ዋን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2019 ከዚህ የአሜሪካ ባንክ የወጣው መረጃ በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ደግሞ 6 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ነክቷል። ባንኩ የሚጠቀመው የአማዞንን ክላውድ ነበር። የተሰበረው ግን የአማዞን ሕንፃ ወይም ሰርቨር አልነበረም። የባንኩ ፋየርዎል፣ ማለትም ከኢንተርኔት የሚገባውን የሚያጣራው መከላከያ፣ በስህተት ተስተካክሎ ነበር። ከጀርባው የተሰጠው ፈቃድም ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነበር። በ2020 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ 80 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው ባንኩን ነው።

«ፕሌይ ስቶር አጽድቆታል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የአፕ መደብሩ የሚያየው ስልክ ላይ የሚጫነውን አፕ ነው። ከ2022 ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ላይ የምናየውን የመረጃ አያያዝ መግለጫ የሚሞላው ዴቨሎፐሩ ራሱ ነው። መደብሩ ገብቶ ባኬት አይፈትሽም።

ስህተቱ ምን ይመስላል?

ከውጭ ሲታይ በጣም ትንሽ ነው። ብዙ የሞባይል አፖች የሚሠሩበትን የጉግል ፋየርቤዝን እንውሰድ። አዲስ ዳታቤዝ ሲከፈት «የሙከራ ሁኔታ» የሚል ምርጫ አለ። ሥራ ለመጀመር ያቀላል፤ ግን ለ30 ቀን ማንም ሰው ዳታቤዙን እንዲያነብና እንዲጽፍበት ይፈቅዳል። 30 ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል፣ አፑም መሥራት ያቆማል። ደንበኛ ሲደውል፣ ስልክ ሲጨናነቅ፣ የደከመው ልጅ ትክክለኛውን ደንብ ከመጻፍ ይልቅ ቀኑን ወደፊት ይገፋዋል። አፑ ተመለሰ፤ ሁሉም ተደሰተ። ዳታቤዙ ግን አሁንም ለዓለም ክፍት ነው።

በጁላይ 2025 የወጣው የቲ አፕ ጉዳይ ለዚህ ቅርብ ነው። ቲ ሴቶች ስለሚተዋወቋቸው ወንዶች መረጃ የሚለዋወጡበት የአሜሪካ አፕ ነው። ከአሮጌ ማከማቻው 72,000 ገደማ ምስሎች ወጡ። ከእነሱ ውስጥ 13,000 የሚሆኑት ሴቶቹ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የላኳቸው የፊትና የመታወቂያ ፎቶዎች ነበሩ። ኩባንያው እንዳለው በዚህ የተነኩት ከፌብሩዋሪ 2024 በፊት የተመዘገቡት ናቸው። ይህ ዝርዝር ብዙ ይናገራል። አዲስ ማከማቻ ቢከፈትም ማንም የማያየው አሮጌ ማከማቻ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ አሮጌውን ይረሳል። ክላውድ ላይ ደግሞ የተረሳ ነገር አቧራ አይጠጣም፤ እስኪጠፋ ድረስ በኢንተርኔት ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ውሃው አፕ እንመለስ። የእሱ ዳታቤዝ ክፍት ቢሆን የሚወጣው ብሎክ፣ ቤት ቁጥርና ሰዓት ነው። ያንን ዝርዝር የያዘ ሰው የትኛው ቤት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። የሹፌሩ ፋይዳ ከወጣ ደግሞ የይለፍ ቃል እንደመቀየር በቀላሉ የሚቀየር ነገር አይደለም። ስሙም ፊቱም የልደት ቀኑም እሱው ናቸው። ነገሩን ከልብ መያዝ ያለብን ለዚህ ነው።

ታዲያ አውቶማቲክ ቁጥጥር የሚባለው ምንድን ነው?

በከተማዋ ዳር ቤት የሠራ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፕላኑ ይታያል። ችግር ካለበት ወረቀት ላይ እንዳለ ይመለሳል። አንዳንድ ነገር ደግሞ ፕላኑ ቢያምርም አይፈቀድም፤ የመንገድ ክልል ላይ ወይም ወንዝ ዳር ማንም አይሠራም። ከዚያ ግንባታው ሲጀመር ተቆጣጣሪ እየመጣ ያያል፤ ከፕላኑ ውጭ የተሠራ ካለ ይጽፋል፣ እንዲስተካከል ያዛል።

የክላውድ ቁጥጥርም እነዚሁ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ልዩነቱ ፍጥነቱና ብዛቱ ነው። የከተማው ተቆጣጣሪ ሁሉም ቤት ደጃፍ ላይ በየሰዓቱ መቆም አይችልም። ማሽን ይችላል።

የመጀመሪያው ቅድመ ምርመራ ነው። ዛሬ ብዙ ቡድኖች ሀብቶቻቸውን በአቅራቢው ማስተዳደሪያ ገጽ አንድ በአንድ እየነኩ አይከፍቱም። «ይህን ዳታቤዝ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ማስተካከያ ክፈት» የሚል የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጃሉ፤ ቴራፎርም የታወቀው መሣሪያ ነው። ፋይሉ ክላውድ ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል። «ይህ ፋይል ባኬቱን ለሕዝብ ክፍት ያደርገዋል» ብሎ ይመልሰዋል። ኦፕን ፖሊሲ ኤጀንት የሚባለው ነፃ መሣሪያ ይህን ይሠራል። ስህተቱ ገና ጽሑፍ ስለሆነ የተጎዳ ሰው የለም።

ሁለተኛው ክልከላ ነው። አንዳንድ ድርጊት ማን ቢጠይቅ አይሆንም። «ከኬፕታውን ውጭ ምንም ሀብት አይከፈት» ተብሎ ከተደነገገ፣ ቨርጂኒያን የመረጠው ልጅ ወዲያው «አልተፈቀደም» የሚል መልስ ያገኛል። ሦስቱም ትልልቅ አቅራቢዎች ይህን የሚሠሩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። የአማዞኑ ሁለት ጊዜ ሊጤን የሚገባው ጠባይ አለው። ይህ ደንብ ለማንም ፈቃድ አይሰጥም፤ የሚሠራው የሚፈቀደውን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሌሎቹን አካውንቶች የሚያስተዳድረውን የድርጅቱን ዋና አካውንት ደግሞ አይመለከተውም። ስለዚህ አፑን ዋናው አካውንት ላይ የጫነ ቡድን አሥር ክልከላ ቢጽፍ አንዱም አፑን አይነካውም። ደንቡ ተጽፏል፣ ሰነዱ ላይ ይታያል፣ አይሠራም።

ሦስተኛው ክትትል ነው። ሀብቱ ከተከፈተ በኋላ ማስተካከያው ሲቀየር ማሽኑ ይመዘግባል፣ ከደንቡ ጋር ያመሳክራል፣ ካልተስማማ ያሳውቃል። ኮንፊግ የሚባለው የአማዞን አገልግሎት ያለው ለዚህ ነው። ለውጥ ሲኖር ወይም በየተወሰነ ሰዓት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት፣ ይፈትሻል። አዙር ፖሊሲ የሚባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ሀብት ሲፈጠርና ሲቀየር ያያል፤ ሁሉንም እንደገና የሚዞረው ግን በ24 ሰዓት አንዴ ገደማ ነው። እንግዲህ ክትትል ብቻውን ዘብ አይሆንም። ስህተቱ በተፈጠረበትና በታየበት መካከል ክፍተት አለ። ክፍት ባኬት የሚፈልጉ ሰዎችም የሚያስሱት በማሽን ስለሆነ ያ ክፍተት ቀላል አይደለም። በጣም የሚያስፈራው ነገር በክልከላ፣ የቀረው በክትትል ቢያዝ የተሻለ ነው።

ማሽን ደንብን እንዴት ይረዳል?

አይረዳም። ቁምነገሩም እዚህ ነው።

«የደንበኞች መታወቂያ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሰው ይበቃል፤ ለማሽን ግን ምንም አይነግረውም። ማሽን የሚገባው መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ይበተናል። መታወቂያ የያዘው ባኬት ለሕዝብ ዝግ ነው? ተመስጥሯል? ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል? የተፈቀደው አገር ውስጥ ነው? ፎቶው ከተወሰነ ቀን በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ታዝዟል? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ደንብ ይሆናል። ደንቡ ሁለት ክፍል አለው፤ «እንዲህ ከሆነ» የሚል ሁኔታና «እንዲህ አድርግ» የሚል ውጤት። ውጤቱ ማሳወቅ፣ መከልከል፣ ወይም ማስተካከል ነው።

ግን ማሽኑ የትኛው ባኬት መታወቂያ እንደያዘ በምን ያውቃል? ሰው ካልነገረው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ለዚህ ነው ሀብቶች ላይ ምልክት የሚለጠፈው፤ «ታግ» ይባላል። ባለቤቱ ማን ነው፣ ለሙከራ ነው ወይስ ለእውነተኛው አገልግሎት፣ የያዘው መረጃ ምን ያህል ሚስጥራዊ ነው የሚሉ ሦስት ምልክቶች ብዙ ይሠራሉ። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከሁሉ በፊት «ምልክት የሌለው ሀብት አይከፈት» የሚል ክልከላ ያስቀምጣሉ። አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን ምልክት የሌለው ሀብት ከዓመት በኋላ ማንም የማይጠይቀው፣ ለመሰረዝም ሁሉም የሚፈራው ነገር ይሆናል።

ራሱ ስለሚጠፋው ፎቶ የተነሳው ነገር እንደዋዛ መታለፍ የለበትም። የውሃው አፕ የሹፌሩን መታወቂያ የሚፈልገው ሰውየውን ለማጣራት ነው። ከተጣራ በኋላ «ተረጋግጧል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ፎቶውን ለዓመታት ማቆየት ለቡድኑ ጥቅም የለውም፤ አደጋ ብቻ ነው። የማከማቻ አገልግሎቶች «ይህ ፋይል ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ይጥፋ» የሚል ትዕዛዝ ይቀበላሉ። በእኔ ግምት አንድ ትንሽ ቡድን ዛሬ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ትልቁ ነው። የሌለ ፎቶ አይሰረቅም።

ማሽኑ ራሱ ቢያስተካክለው አይሻልም?

አንዳንዴ። ምስጠራ የጠፋበትን ማብራት፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚይዘውን የተዘጋ ምዝገባ መክፈት ብዙ ጉዳት የለውም። መዝጋት ግን ይጠነቀቁበታል። «ክፍት ባኬት ሁሉ ይዘጋ» የሚል ደንብ የአፑን አርማና የቦቴዎቹን ፎቶ የያዘውን፣ ሆን ተብሎ ክፍት የሆነውን ባኬትም ይዘጋዋል። በአንድ ጀምበር የሁሉም ደንበኛ ስክሪን ባዶ ሳጥን ይሆናል። ቡድኑ ተናዶ ደንቡን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ አያበራውም።

ስለዚህ አዲስ ደንብ መጀመሪያ እያየ ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል። የሚያሳውቃቸውን ነገሮች ቡድኑ አንድ በአንድ ያያል። እውነተኛ ምክንያት ያለው ሀብት የተጻፈ ልዩ ፈቃድ ይሰጠዋል። ያ ፈቃድ የጠየቀው ሰው ስምና የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይገባል። ቀን የሌለው ልዩ ፈቃድ ደንቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዝርዝሩ ሲጠራ ደንቡ ወደ ክልከላ ይሸጋገራል።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው ልክ፣ ተገቢ ጥበቃ ተደርጎለት እንዲያዝ ይጠይቃል። ሕግ ግን «ይህን ባኬት ዝጋ» አይልም። «ተገቢ ጥበቃ» ይላል። በሕጉ ቃልና በባኬቱ ማስተካከያ መካከል ያለውን መንገድ የሚያገናኘው ከላይ ያየነው መበተን ነው።

ለሕጉ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ማስረጃ ነው። ተቆጣጣሪ ወይም ኦዲተር መጥቶ «ባለፈው ዓመት ይህ ዳታቤዝ ዝግ ነበር?» ቢል፣ «አዎ ይመስለኛል» መልስ አይሆንም። ክትትሉ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ የተደረገውን ለውጥ ማሽኑ በቀንና በሰዓት ይመዘግባል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአማዞን አካውንት ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ የሚያሳየው የክላውድትሬይል ታሪክ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ አስቀድሞ ወደ ራሱ ማከማቻ እንዲሄድ ማዘዝ አለበት። ነገሩ ከደረሰ በኋላ ማዘዝ ያለፈውን አይመልስም።

የባንክ ካርድ ቁጥር የሚቀበል አፕ ደግሞ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይመለከተዋል። ካርዱን ራሱ ከመያዝ ለክፍያ አቅራቢ መተው ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ዶላሩስ?

የክላውድ ሂሳብ በዶላር ይመጣል። ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ አንድ ሰርቨር የቡድኑን ወር ያናጋል። ይህንንም ደንብ ይይዘዋል። «ሙከራ» የሚል ምልክት ያለው ማሽን ማታ ይዘጋ፣ ከዚህ በላይ ትልቅ ማሽን አይከፈት ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፤ የበጀት ማስጠንቀቂያ ያስጠነቅቃል እንጂ በራሱ ወጪውን አያቆምም። ብዙ ሰው ገደብ ያስቀመጠ እየመሰለው መልእክት ብቻ ነው ያዘዘው።

ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነን?

የክትትሉ ውጤት በሚታይበት ሰሌዳ ላይ 100 ከመቶ ማየት ደስ ይላል። የሚለው ግን «የጻፋችኋቸው ደንቦች አልተጣሱም» ነው። ስላልተጻፈው ዝም ይላል።

ለምሳሌ የውሃው አፕ ትዕዛዝ ቁጥር 1501ን ሲያሳይ ቁጥሩን ለሰርቨሩ ይልካል። አንድ ተንኮለኛ ቁጥሩን 1502 አድርጎ ቢልክና ሰርቨሩ «ይህ ትዕዛዝ የአንተ ነው ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የጎረቤቱን ቤት ቁጥር ያያል። ባኬቱ ዝግ፣ ዳታቤዙ የተመሰጠረ፣ አገሩ ትክክል፤ መረጃው ግን በፊት በር ወጣ። ይህ ዓይነቱ ጉድለት ኦዋስፕ የሚባለው የደኅንነት ማኅበር በ2019ም በ2023ም ባወጣቸው የኤፒአይ ስጋቶች ዝርዝር ላይ አንደኛ ነበር። የክላውድ ማስተካከያ የሚፈትሽ ማሽን ይህን አያየውም፤ ጉድለቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው።

አፑ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍም አለ። አንድሮይድ ላይ የሚጫን ፋይል ፈትቶ ማንበብ ከባድ አይደለም። ዴቨሎፐሩ የሰርቨሩን ዋና ቁልፍ እዚያ ከከተተው፣ አፑን ያወረደ ሁሉ ቁልፉን አብሮ ወስዷል። እዚህ ላይ ማሽን ሊረዳ ይችላል። ዴቨሎፐሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2024 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ክፍት በሆኑ የኮድ ማስቀመጫዎች ላይ፣ የሚያውቃቸው ዓይነት ቁልፎች ሲላኩ ማንም ሳያዝዘው ያግዳል። ለዝግ ማስቀመጫዎች ግን ቡድኑ ራሱ ፍተሻ ማዘጋጀት አለበት።

ሌላው ችግር የማስጠንቀቂያ ብዛት ነው። በቀን ሁለት መቶ መልእክት የሚልክ ሥርዓት ከሳምንት በኋላ የሚያነበው የለም። ከዚያ ውስጥ እውነተኛው ሲመጣ እንደሌሎቹ ይታለፋል። ጥቂት፣ ግን ሁልጊዜ መልስ የሚያገኙ ደንቦች ቢኖሩ ይሻላል።

ሦስት ልጆች ብቻ ያሉበት ቡድንስ ከየት ይጀምር?

አያት ወይም ሰሚት አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ቡድን የባንክ ያህል መሣሪያ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ሙከራውንና እውነተኛውን አገልግሎት በሁለት አካውንት ይለዩ። የደንበኛ መረጃ ወደ ሙከራው አካውንት አይሂድ። የአካውንቱ ዋና ባለቤት መግቢያ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይታሰርና ለዕለት ሥራ አይነካ።

ቀጥሎ ለሕዝብ ክፍት ማድረግን በአካውንት ደረጃ ይዝጉ። አማዞን ይህን ማድረጊያ በ2018 አምጥቷል፤ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ አዳዲስ ባኬቶች ሲከፈቱ ራሳቸው ዝግ ናቸው። ከዚያ በፊት የተከፈቱት ግን እንደነበሩ ናቸው፤ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ፋየርቤዝ የሚጠቀም ቡድን የሙከራውን ደንብ ዛሬውኑ ይቀይር፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ብቻ እንዲያነብ ያድርግ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው የት እንደሚደርስ ይወሰን። ማንም የማይከፍተው ኢሜይል አይጠቅምም። አብዛኛው ቡድናችን የሚያወራው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ወደዚያ መላክ ይቻላል። መልእክቱ ውስጥ የደንበኛ ስምና ቁጥር አይግባ፤ የሀብቱ ስምና የተጣሰው ደንብ ይበቃል። በየሳምንቱ ተረኛ ይኑር፣ ስሙም ይታወቅ። ሰፈሩ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ፣ ማሽኑ ክላውድ ላይ ሆኖ መፈተሹን ይቀጥላል። ተረኛው ግን መብራት ሲጠፋ በሞባይል ዳታ ገብቶ መዝጋት የሚችል መሆን አለበት።

መጨረሻ ላይ ሞክሩት። ሙከራው አካውንት ላይ፣ ምንም የሌለበት ባዶ ባኬት ፍጠሩና ደንቡን የሚጥስ ነገር አድርጉበት፤ ምስክርም ሰዓትም ያዙ። ማስጠንቀቂያው ካልደረሰ መጀመሪያ ክትትሉ በየትኞቹ አገሮች ማዕከላት ላይ እንደበራ እዩ። የአማዞን ኮንፊግ የሚመዘግበው ባበራችሁበት ቦታ ብቻ ነው፤ ኬፕታውን ላይ ያበራችሁት ቨርጂኒያ የተከፈተውን አያይም። እሱን አብሩና ሙከራውን ድገሙት።